መንገዱን ሳይ የሚጠፋው ቁጥር

አባቴ ዕድሜውን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጡረታ ወጣ ማለት ግን መሪ ለቀቀ ማለት አልነበረም። እናቴ ካረፈች በኋላ አዲሱ ገበያ አካባቢ ወዳለው ቤታችን ጠቅልሎ ሲገባ፣ ከልብሱ ሻንጣ ሌላ ይዞ የመጣው አሮጌ ነጭ መኪናውን ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው። እሑድ ሁላችንንም ጭኖ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደን እሱ ነው። ሰፈር ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ካለች የሚንኳኳው የእኛ በር ነው።

በነዳበት ዘመን ሁሉ ሰው ነክቶ አያውቅም። ይህን ሲናገር አይኩራራም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጌታ ጠብቆኛል» ይልና ያልፈዋል። የምንኩራራው እኛ ነበርን።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። መኪናዋ ግቢያችን የገባች ዕለት መጀመሪያ የሹፌሩ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ እኔን ነበር።

«ወደፊት እይ» አለኝ፣ ከጎኔ ሆኖ አንድ ነገር እየነካ።

አየሁ። ከኮፈኑ ጫፍ ከፍ ብሎ፣ አየር ላይ፣ ነጭ ዜሮ ቆሟል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ አይደለም። ከመስታወቱ ወዲያ፣ የግቢያችን በር ፊት ለፊት፣ ምንም ሳይዘው ተንሳፍፏል።

«በኢየሱስ ስም!» ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ ሳቀ። እጄን ዘርግቼ ልነካው ሞከርኩ። ጣቴ ያገኘው ቀዝቃዛውን መስታወት ነው፤ ዜሮው ግን እዚያው ወዲያ ቆሞ ነበር። ስልክና ቴሌቪዥን ሳይ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ግን ቁጥር እንደ ወፍ ግቢዬ ውስጥ ሲንሳፈፍ አይቼ አላውቅም።

ባለቤቴ መኪናዋን ካስረከበው ሰው የሰማውን አስረዳኝ። ዳሽቦርዱ ውስጥ የተደበቀች መሣሪያ ብርሃን ወደ ላይ ትረጫለች፣ መስታወቱ ተቀብሎ ወደ ሹፌሩ ዓይን ይመልሰዋል። ፍጥነቱን ለማየት አንገት መድፋት ቀረ፤ ዓይን መንገዱ ላይ እንዳለ ቁጥሩም አብሮ ይታያል። ከፊት ሰው ወይም መኪና ከቀረበ ደግሞ ቁጥሩ አጠገብ ቀይ ምልክት ይበራል። ስሙንም ነገረኝ፣ ሄድ አፕ ዲስፕሌይ። ይህ ሁሉ ከሹፌሩ ወንበር ብቻ ነው የሚታየው። ወደ ጎን ወንበር ተሻግሬ ሳየው እውነትም ምንም የለም፤ የግቢያችን በር ብቻ።

ቀጥሎ አባቴ ገባ። ወንበሩን አስተካከለ፣ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ፊት ለፊት አየ።

«የታለ?» አለ።

«ትንሽ ዝቅ አድርገው ይዩ ጋሼ፣ ከኮፈኑ ጫፍ ላይ» አለው ባለቤቴ።

አባቴ አንገቱን ሰበር አደረገና ዓይኖቹ በሩ። «እህ! አገኘሁት! ወይ ጊዜ! በእኛ ዘመን የፍጥነቱ ቀስት ሲሰበር በሞተሩ ድምፅ ነበር የምንገምተው።» እንደ ልጅ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ዳገት ላይ እንሞክራት ተባባልንና ወደ እንጦጦ ወጣን። ልጄ ጓደኛዋ ቤት ስለነበረች ሦስታችን ብቻ ነን። መሪውን አባቴ ያዘ፣ ባለቤቴ ጎኑ፣ እኔ ከኋላ። ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ የጎማው ሹሹታ ብቻ። አባቴ ማርሽ ፍለጋ እጁን ይልክና ባዶ ሲያገኝ ይመልሰዋል፤ በዚያ ሁለቱ ይሳሳቃሉ።

እንጦጦ ማርያም አጠገብ ቆመን ነፋስ ተቀበልን። ስንመለስ፣ ቁልቁለቱን እንደጀመርን አባቴ እንዲህ አለ፦

«ይቺ ቁጥር ጨዋ ናት።»

«እንዴት?» አልኩት።

«መንገዱን ሳይ ትጠፋለች። ስፈልጋት ዝቅ ብዬ ሳይ ትመጣለች። አታስቸግርም።»

«ጎበዝ ናት» አለ ባለቤቴ፣ በስልኩ ከተማውን ከላይ እያነሳ። እኔም ካለሁበት አይታየኝምና፣ እንደዚያ ነው የተሠራችው ብዬ ተቀበልኩ። ዛሬ ያንን ጊዜ ሳስብ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ሰውየው ያለበትን ችግር በራሱ አፍ፣ ጥርት አድርጎ ነግሮን ነበር። እኛ ምስጋና መሰለን።

ጥቂት እንደወረድን መኪናዋ ጮኸች። ስለታም፣ ተከታታይ ጩኸት። ወዲያው ማንም ሳይነካት ራሷ ፍሬን ያዘች። ቀበቶው ደረቴን ጨመቀኝ፣ የባለቤቴ ስልክ ከእጁ አምልጦ ወለል ላይ ወደቀ።

«ምን ሆነች? ምን ነካት?» አለ አባቴ። ተናዶ ነበር። መኪናዋ የተበላሸች ነው የመሰለው።

በሁለቱ ወንበሮች መሀል አንገቴን አስግጌ አየሁ። ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት፣ በአስፓልቱ ጠርዝ፣ አንዲት ሴት ቁጢጥ ብላለች። ጀርባዋ ላይ ከራሷ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማለች። የጫማዋን ማሰሪያ ልታስተካክል ጎንበስ ብላ ነበር መሰለኝ፤ እጇ እግሯ ላይ እንዳለ ቀና ብላ ታየናለች። እጄን ብዘረጋ የምነካት ያህል ቅርብ ናት።

«አባዬ፣ ሴትየዋ!»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

ይህን ሲል ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። ሩቅ፣ መታጠፊያው ላይ። እሷ ከፊቱ እያለች «የትኛዋ ሴትዮ» አለ። ከዚያ አንገቱን ሲሰብር አያት፤ ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሲረግፍ በመስታወት አየሁት።

ወረደ። ባለቤቴም ተከተለው። ሴትየዋ ሸክሟን እንዳዘለች ቀስ ብላ ቆማ ነበር። አባቴ ሁለት እጁን አገናኝቶ ጎንበስ አለላት።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ነካሁሽ?»

«አልነኩኝም አባባ፣ አይዞዎት። ይልቅ እርስዎ ይቀመጡ፣ እግርዎ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለችው። ልትገደል የነበረችው እሷ፣ የምታጽናናው እሱን።

ባለቤቴ ሸክሟን አውርዳ እንድታርፍ ቢለምናት እምቢ አለች። ካወረደችው መልሶ የሚያሸክማት እንደማታገኝ ነግራን ቁልቁለቱን ቀጠለች።

«ፀሐይዋ ናት» አለ አባቴ ወደ መኪናዋ ሲመለስ። «ፊት ለፊት መታችኝ።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ደመና ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የሚባል አልወጣም። አባቴ ዋሽቶ አያውቅም፤ ያን ጊዜም የዋሸ አይመስለኝም። ላላየው ነገር ምክንያት ሲፈልግ ያገኘው ፀሐይን ነው። ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጥቶ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከኋላ ከእኔ ጎን ተቀመጠ።

ደክሞት ነው፣ አዲስ መኪና ነው፣ ዕድሜ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የነዳው ባለቤቴ ነው፤ አባቴም አልተከራከረም። ሰኞ ጠዋት ግን እንደ ልማዱ ልጄን በአሮጌ መኪናው ይዟት ወጣ። ባለቤቴ በሥራ ቦታው ሰርቪስ ስለሄደ እኔ አዲሷን ይዤ ወደ ቢሮዬ ጉዞ ጀመርኩ። ብቻዬን ስነዳት የመጀመሪያዬ ነበር።

ቁጥሩ ፊቴ ተንሳፍፏል። ሃያ፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ አምስት። ከፊቴ ያለውን ሚኒባስ እያየሁ እስኪጠፋልኝ ጠበቅኩ። አልጠፋም። ሩቅ አየሁ፤ ከዓይኔ በታች እዚያው አለ። ወደ ግራ አየሁ፣ ወደ ቀኝ አየሁ፣ ወደ መንገዱ ተመለስኩ፤ አለ። ዳር ይዤ ቆምኩና ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ቁጥሩ መንገድ ስታይ የሚጠፋው በምንድን ነው? የሆነ ቦታ መነካት አለበት?»

«የቱ ቁጥር?»

«መስታወቱ ላይ ያለው።»

«ለምን ይጠፋል? ሥራው እኮ መንገድ እያየሽ እንዲታይሽ ነው።»

«አባዬ ይጠፋል ብሎ የለ?»

ከኋላው የሰዎች ወሬ ይሰማኛል። «የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ በሌላ ድምፅ።

ባለፉት ወራት ያየኋቸው ነገሮች አንድ ላይ መጡብኝ። ግቢ ውስጥ የተቀመጠ የልብስ ሳፋ በእግሩ ሲገለብጥ። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ሲደናቀፍ። ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ በክንዱ ሲጥል። ልጄ «አባባ እግሩ ዓይን የለውም» ስትል እንዴት እንደሳቅን። ዓይኑ የተጎዳ ሰው ነው ብሎ ማን ያስባል? ጋዜጣ ያነባል፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ያለ መነጽር ባይሆንም በደንብ ያነባል፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰው በአረማመዱ ይለያል።

ከዚያ ሌላው ነገር መጣብኝ። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ልጄ ከእሱ ጋር መንገድ ላይ ናት።

ደወልኩለት። አላነሳም። ሲነዳ ስልክ አያነሳም፤ እኛንም ያስተማረን እሱ ነው። መኪናዋን አዙሬ ወደ ትምህርት ቤቱ ነዳሁ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በየመታጠፊያው የተሰበሰበ ሰው ካለ ብዬ ነበር የማየው። ሁለት ሴቶች ዳር ቆመው ሲነጋገሩ ሳይ እንኳ ፍጥነቴን ቀንሼ እግራቸው ሥር አያለሁ።

ነጩ መኪና ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሥርዓቱን ይዞ ቆሟል። አባቴ ከጥበቃው ጋር ያወራል። ልጄ ገብታለች። መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ጥቂት ቆየሁ።

«ምነው? ምን ረስተሽ መጣሽ?» አለኝ ወደ መስኮቱ መጥቶ።

«አባዬ፣ እስቲ እዚህ ግባ። አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

ወርጄ የሹፌሩን ወንበር ለቀቅኩለት፣ ራሴ ከጎኑ ተቀመጥኩ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ከተጻፈው ስም የመጀመሪያዋን ፊደል እንዲያይ ነገርኩት።

«ታያታለህ?»

«እንዴት አላያትም? ቀለሟ ተልጧል።»

«ዓይንህን ከእሷ ላይ አታንሣ። አሁን፣ ሳታንሣ፣ ቁጥሩ አለ?»

«የለም። መንገድ ሳይ ይጠፋል አልኩሽ አይደል?»

«አንድ ዓይንህን በእጅህ ያዝና እይ።»

ያዘ። የለም አለ። ሌላውን ያዘ። የለም። ከዚያ ዝቅ ብሎ አየና «ይኸው መጣ» አለ።

ዞሮ አየኝ። አባቴ ሰው ፊት ላይ ያለ ነገር ቶሎ ይገባዋል።

«አንቺ ስታዪው እንዴት ነው?»

«አይጠፋም አባዬ።»

«ፊደሏን እያየሽ?»

«ፊደሏን እያየሁ።»

መልሶ ወደ በሩ አየ። ደጋግሞ ሞከረው፤ ቀና ሲል፣ ዝቅ ሲል፣ ቀና ሲል። ከዚያ የነጩን መኪና ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

«ልጅቷን በየቀኑ ይዣት እወጣ ነበር» አለ። «በየቀኑ።»

በዚያው ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የመጀመሪያውን ምርመራ በደንብ አለፈ፤ ሰንጠረዡ ላይ ያሉትን ፊደሎች እስከ ታች አነበበ። ተስፋ አደረግኩ። ቀጥሎ ግን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነጭ መሣሪያ ውስጥ አገጩን እንዲያስደግፍ ተደረገ። መሀል ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ እያየ፣ በዳር ብልጭ የምትል ብርሃን ባየ ቁጥር በእጁ ያለውን ቁልፍ እንዲጫን ነገሩት። መብራቱ ጠፋ። እኔ ጥግ ተቀምጬ የቁልፉን ድምፅ አዳምጣለሁ። ቀጭ። ቀጭ ቀጭ። ከዚያ ዝም። ረጅም ዝምታ። መሣሪያው ሥራ ላይ እንዳለ ይሰማል፤ ብርሃኖቹ እየበሩ ነው፤ አባቴ ግን አይጫንም። እጁን በጨለማው አየሁት፤ አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ተነሥቼ «አባዬ ተጫን!» ልል ምንም አልቀረኝም።

ሐኪሟ ውጤቱን አሳየችን። የሁለቱም ዓይኖች ምስል የታችኛው ግማሽ ጥቁር ነበር። የዓይን ግፊት ነርቩን ቀስ በቀስ ጎድቶታል አለች። ግላኮማ።

«ዶክተር» አለ አባቴ፣ «እኔ እኮ ሁሉንም አያለሁ።»

«እንደዚያ ነው የሚመስለው አባቴ። አያምም፣ አይቀላም፣ ጥቁር ነገርም አይታይም። የጎደለውን አእምሮ ራሱ ይሞላዋል። ሰው ያላየውን ነገር እንዳላየ በምን ያውቃል?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቀኑን ማወቅ አይቻልም። ዓመታት ሳይሆነው አይቀርም።»

የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው በዓይን ጠብታ ሊጠበቅ ይችላል፣ መንዳት ግን በቃ አለች። አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። ስንወጣ በሩ ላይ ያለችውን ደረጃ በእግሩ እየዳሰሰ ወረደ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲወርድ አይቼው አላውቅም።

መንዳት መተዉ የሚሰብረው መስሎኝ ነበር። የሰበረው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ አብሬው ተቀምጬ፣ «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንንም አልነካህም» አልኩት።

«እንዴት አወቅሽ?» አለኝ።

«አንተ ነህ የነገርከን።»

«አላየሁማ! ያላየሁትን እንዴት አውቃለሁ?»

ደነገጥኩ። ዕድሜውን ሙሉ ጌታን ያመሰገነበት ነገር ከእጁ ወጥቶበት ነበር። ሰው ቢነካ ድምፁ ይሰማል፣ ሰው ይጮኻል፣ ፖሊስ ይመጣል አልኩት። አንድ ቦታ አለ አለኝ። ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ፣ ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ፣ ባለፈው ክረምት በዝናብ ሲያልፍ የመኪናው ጎማ የሆነ ነገር ላይ ወጥቶ ወርዷል። ድንጋይ ነው ብሎ አልፎታል። አሁን ሌሊት አያስተኛውም።

ቅዳሜ ባለቤቴ ወደዚያ ወሰደን። አባቴ ከመኪናው ወርዶ መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት የአትክልት ሻጭ ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ ነው የጠየቃት።

«እመቤት፣ ባለፈው ክረምት እዚህ ጋ መኪና የነካው ሰው ነበር? ሕፃንም ቢሆን? ከብትም ቢሆን?»

ሴትየዋ ግራ ገብቷት አየችን። አባቴ ቦታውን በጣቱ ሲያሳያት ግን ሳቀች።

«እዚያ ጋ? ለውሃ መስመር ቆፍረው አፈሩን ክምር አድርገው ትተውት ነበር። ክረምቱን ሙሉ መኪናው ሁሉ እየዘለለበት ሲያልፍ ነው የከረመው። ሰው የተነካ የለም። እኔ በየቀኑ እዚህ ነኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ልጆቼን ይንሳኝ።»

አባቴ እዚያው፣ በድንቹና በሽንኩርቱ መሀል፣ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ። ሴትየዋ ደንግጣ መቀመጫዋን ለቀቀችለት።

ሐኪሟ ያኔ ሌላም ነገር ተናግራ ነበር፤ በሽታው በዘር ስለሚተላለፍ ልጆቹም ይመርመሩ ብላ። እኔ ብቸኛ ልጁ ነኝ። ነገሩን እያቆየሁ ሄድኩና አባቴ ራሱ ጎትቶ ወሰደኝ። እዚያ ነጭ ሳህን ውስጥ አገጬን አስደግፌ፣ ብርሃን ባየሁ ቁጥር ተጫንኩ፤ ከኋላዬ አባቴ ተቀምጦ ቀጭታውን እንደሚቆጥር አውቃለሁ። ከጨረስኩ በኋላ ሐኪሟ የነርቩ ሁኔታ ደህና ነው፣ ግፊቱ ግን ከፍ ብሏል አለችኝ። ገና ምንም አልጠፋም። ጠብታ ግን ከዛሬ ጀምሮ።

እኔ ዓርባ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አንድም ቀን ዓይኔን አሞኝ አያውቅም።

«ቶሎ ደርሰሽበታል» አለ አባቴ፣ ክንዴን ይዞ። «ለእኔ ያልሆነው ለአንቺ ሆኗል።»

አሁን ከእራት በኋላ ሁለታችን ሶፋው ላይ እንቀመጣለን። መጀመሪያ እኔ ለእሱ ጠብታውን አደርግለታለሁ፣ ከዚያ እሱ ለእኔ። በመጀመሪያው ሰሞን ጠብታዋ ገና ሳትወርድ ዓይኔን እጨፍን ነበር።

«አትጨፍኚ» ይለኛል። «ወደ ላይ እዪ። ወደ ኮርኒሱ።»

ወደ ላይ አያለሁ። አውራ ጣቱ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ይስባል። እጁ አይንቀጠቀጥም።